«ማስት ኖት» ብዬ ጻፍኩለት፣ ከዛ ወዲህ አኮረፈኝ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አምድዎን ሁሌም ነው የማነበው፣ ግን አንድ ቀን ለራሴ ጉዳይ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ፣ የምሰራው ከተለያየ አገር ሰዎች ጋር በኦንላይን ነው፣ የምንግባባውም በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ቋንቋው ያን ያህል አይከብደኝም፣ ቀኑን ሙሉ የሙያ ዶክመንት ሳነብ ነው የምውለው፣ ተማሪ እያለሁም ግራመር ላይ ጎበዝ ነበርኩ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት አብሮኝ የሚሰራ ልጅ አሞት ነበር። በማግስቱ ሚቲንግ ስለነበረን አዘንኩለትና ቻት ላይ «ዩ ማስት ኖት ካም ቱ ዘ ሚቲንግ» ብዬ ጻፍኩለት። እኔ ማለት የፈለግኩት መምጣት የለብህም፣ አትጨናነቅ፣ እረፍ ነው። እሱ «ኦኬ» ብቻ ብሎ መለሰልኝ። ከዛ በኋላ በቃ ሌላ ሰው ሆነ። ድሮ ሳንቀላለድ ስራ አንጀምርም ነበር፣ አሁን የጠየቅኩትን ብቻ መልሶ ዝም ነው። ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ቲም ሊደራችን ለብቻዬ ጠርታኝ በጣም በጥንቃቄ ሜሴጆችሽ ትንሽ ትእዛዝ ትእዛዝ ይላሉ አለችኝ፣ «ዩ ማስት ፊክስ ዚስ ቱዴይ» እና «ዩ ሹድ ሪድ ዘ ዶክመንት» ብዬ የጻፍኳቸውን እያሳየችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እኔን የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ሰው አክባሪ ነሽ ነው የሚለኝ፣ እዛ ግን አዛዥ ሆኜ ተገኘሁ።

ከዛን ቀን ጀምሮ አንድ መስመር ለመላክ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል፣ ሚቲንግ ላይ አፌን አልከፍትም፣ እነሱ ሲያወሩም «ካን» ይበሉ «ካንት» ይበሉ አንዳንዴ አይለይልኝም። «ካን ማለት መቻል፣ ማስት ማለት ግዴታ፣ ሜይ ማለት ፈቃድ» የሚለውን ሰንጠረዥ በቃሌ አውቀዋለሁ ግን ምንም አልረዳኝም። ልጁን ይቅርታ ልጠይቀው ወይስ ያለፈ ነገር መቆስቆስ ይሆንብኛል? እንግሊዝኛ የማይበዛበት ስራ ብፈልግስ ይሻል ይሆን?

ዝምታ ያበዛሁት ነኝ

መልስ

እህቴ፣ ሰው ባልሆነው ነገር ሲጠራ ያማል፣ ለሌላ ሰው አዝኖ በጻፈው ነገር ሲሆንበት ደግሞ ይብሳል። አንቺ ልጁን ልታሳርፊው ጻፍሽ፣ እሱ ጋ የደረሰው ግን «እንዳትመጣ» ሆኖ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይሄን ብቻሽን ይዘሽ መቆየትሽ ነው እኔን የከበደኝ።

እስቲ ያቺን ዓረፍተ ነገር ቀረብ ብለን እንያት። በአማርኛ «መምጣት የለብህም» ስንል ሁለት ነገር ልንል እንችላለን፣ አንዱ እንዳትመጣ ነው፣ ሌላው ባትመጣም ምንም አይደል ነው። የቱ እንደሆነ ድምጻችንና ፊታችን ይናገራል፣ ሰሚውም ታምሞ ከሆነ ሳንነግረው ይገባዋል። እንግሊዝኛ እነዚህን ሁለቱን ለያይቶ ነው ያስቀመጣቸው። «ማስት ኖት» ክልከላ ነው፣ ሌላ ትርጉም አትፈልጊለት። ግዴታ የለብህም፣ እንደተመቸህ ለማለት «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ካም» ነው የሚባለው። የሚያሳስተው ምን መሰለሽ፣ «ኖት» ሳይገባባቸው ሁለቱ ጎረቤት ናቸው፣ «አይ ማስት ጎ» ብትዪም «አይ ሃቭ ቱ ጎ» ብትዪም መሄድ አለብኝ ነው፣ «ኖት» ጨምረሽ ስታፈርሻቸው ግን አንዱ ወደ ክልከላ ሌላው ወደ ነጻነት ይሄዳል። ሰንጠረዡ ላይ «ማስት ማለት ግዴታ» ተብሎ ስለተጻፈ አንቺ ግዴታውን ስታነሺው ግዴታ የለብህም የሚሆን መስሎሽ ነው፣ አስተሳሰብሽ ስህተት አልነበረም፣ ቋንቋው ነው በዛ በኩል ያልሄደው። ጀርመንኛ ተናጋሪዎችም እዚሁ ጋ ይወድቃሉ፣ በነሱ ቋንቋ «ማስት»ን የሚመስለው ቃል ሲፈርስ የሚሰጠው ልክ አንቺ ያሰብሽውን ትርጉም ነው፣ እና እንግሊዝኛ ሲጽፉ አሳርፋለሁ ብለው ይከለክላሉ።

ስለዚህ ይቅርታውን በተመለከተ፣ እኔ ብትነግሪው ይሻላል ባይ ነኝ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጁ የተለወጠው በርግጥ በዛ ሜሴጅ ነው? ታምሞ የነበረ ሰው ነው፣ ሌላም የሚያስጨንቀው ነገር ሊኖረው ይችላል፣ አንቺም ከፈራሽ ወዲህ ቀልዱን አቁመሽ ይሆናል፣ እሱም በበኩሉ ምን አስቀየምኳት እያለ ይሆናል። ይሄን የምልሽ ልትተዪው አይደለም፣ ስትጽፊለት «እንደተቀየምክብኝ አውቃለሁ» ብለሽ እንዳትጀምሪ ነው፣ ካልተቀየመ ግራ ይጋባል፣ ከተቀየመም ሰውየው ላይ ጣት መቀሰር ይሆናል። ቲም ሊደርሽ የነገረችሽንም አታንሺ፣ ከጀርባዬ ተወራ ብሎ ያስባል። በአጭሩ፣ በግል፣ ስለ ዓረፍተ ነገሩ ብቻ። ለምሳሌ «ስሪ ዊክስ አጎ አይ ሮት ዩ ማስት ኖት ካም። አይ ሜንት ዩ ዲድንት ሃቭ ቱ ካም፣ አይ ዋንትድ ዩ ቱ ሬስት። ሶሪ ኢፍ ኢት ሳውንድድ ሮንግ» ብትዪው ይበቃል። ሦስት አራት ጊዜ ሶሪ አትደራርቢ፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብለሽም ራስሽን አታሳንሺ፣ ልትነግሪው የፈለግሽው እኮ ያኔ አስቤልህ ነበር የሚለውን ነው፣ ያ ደግሞ እውነት ነው።

አሁን ወደ ትእዛዝ ትእዛዝ ይላሉ ወደተባሉት ሜሴጆች ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄ ከአንድ ቃል ሰፋ ይላል። እኛ አክብሮታችንን የምናስቀምጠው ግሱ ላይ ነው። ላክ፣ ላኪ፣ ይላኩ፣ ይላኩልኝ፣ እስቲ ላክልኝ፣ አንተና እርስዎ መሀል ያለውን ርቀት አንድ ፊደል ትሸከመዋለች። እንግሊዝኛ ለህጻኑም ለአለቃውም «ዩ» ነው። ታዲያ አክብሮቱ የት ሄደ ካልሽ፣ ብዙው እነዚህ ሞዳል የሚባሉት፣ «ካን»ን፣ «ማስት»ን፣ «ሜይ»ን የመሳሰሉት ቃላት ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ አንቺ በአማርኛ የምታውቂውን አክብሮት በሙሉ ልብሽ ይዘሽ እየጻፍሽ፣ እንግሊዝኛው ላይ የሚያርፍበት ቦታ ስላልሰጠሽው መንገድ ላይ ቀረ። እና አዛዥ ሆኜ ተገኘሁ ያልሽው ልክ አይመስለኝም።

ቦታው የት እንደሆነ ልንገርሽ። «ኩድ»፣ «ዉድ» እና «ማይት» በጥንቱ እንግሊዝኛ የ«ካን»፣ የ«ዊል» እና የ«ሜይ» ያለፈ ጊዜ ናቸው። ዛሬ ግን «ኩድ ዩ ሴንድ ሚ ዘ ፋይል?» ስትዪ ስለ ትላንት እያወራሽ አይደለም፣ ያለፈ ጊዜውን የተጠቀምሽው አንድ እርምጃ ወደኋላ ለማለት ነው፣ ሰውየው እምቢ ለማለት ቦታ እንዲያገኝ። «ካን ዩ ሴንድ» ለቅርብ ሰው ምንም አይልም፣ በየቀኑ ይባላል። «ኩድ ዩ» ትንሽ ይለሰልሳል፣ እኔ ብሆን ከማላውቀው ሰው ጋር ሁሌም ከሱ ነው የምጀምረው። «ዉድ ዩ ማይንድ ሴንዲንግ» ደግሞ ይበልጥ ለስላሳ ነው፣ ግን እዚህ ጋ ጠንቀቅ በይ፣ የሚጠይቀው ቅር ይልሃል ወይ ብሎ ስለሆነ እሺ የሚለው መልስ «ኖ» ነው። «ኖት አት ኦል» ካለሽ ተስማምቷል፣ አትደንግጪ። ብቻ ከወዳጅሽ ጋር ሁሉንም ነገር በ«ዉድ ዩ ማይንድ» አታድርጊው፣ ሲበዛ ደግሞ የተኮራረፈ ሰው ንግግር ይመስላል።

«ማስት»ን ከየት እንዳመጣሽው ግን የገባኝ መሰለኝ፣ ቀኑን ሙሉ የሙያ ዶክመንት ነው የማነበው ብለሻል። አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ የኢንተርኔት ስታንዳርዶች የሚጻፉበትን ቃል የሚተረጉም አር ኤፍ ሲ 2119 የሚባል እኤአ በ1997 የወጣ ዶክመንት አለ፣ «ማስት» ማለት ያለ ምንም ድርድር የግድ፣ «ሹድ» ማለት በቂ ምክንያት ካለህና መዘዙን ካመዛዘንክ በቀር አድርገው፣ «ሜይ» ማለት ባንተ ፈቃድ እያለ ይደነግጋል። ለስታንዳርድ በጣም ግሩም ነው፣ ሁለት ሰው ለየብቻ ፕሮግራም ጽፎ ሁለቱ እንዲግባቡ እንደዛ ጥርት ማለት አለበት። ያን ቃል ይዘሽ ቻት ላይ ወደ ሰው ስትዞሪ ግን ደንብ አውጪ ሆነሽ ትገኛለሽ። «ዩ ማስት ፊክስ ዚስ ቱዴይ» ሲባል ሰሚው የሚሰማው ግዴታውን ያመጣሽበት አንቺ እንደሆንሽ ነው። «ዊ ሃቭ ቱ ፊክስ ዚስ ቱዴይ» ወይም «ዊ ኒድ ቱ» ብትዪና ምክንያቱን ብትጨምሪበት፣ ነገ ሪሊዝ ስላለን ምናምን፣ ግዴታው ከሁኔታው የመጣ ይሆናል፣ አንቺም ከሱ ጋር አንድ ወገን ትሆኛለሽ። ጄፍሪ ሊች የተባለው እንግሊዛዊ የቋንቋ ምሁር እኤአ በ1961 እና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የታተሙ ጽሑፎችን አወዳድሮ በ2003 ባሳተመው ስራው «ማስት» በብሪታንያም በአሜሪካም እንግሊዝኛ በግልጽ እየቀነሰ መሄዱን አሳይቷል፣ «ኒድ ቱ» እና «ሃቭ ቱ»ን የመሳሰሉት ደግሞ ጨምረዋል። ሰዎቹ ራሳቸው ከሸሹት ቃል ጋር ነው የተጣበቅሽው ማለት ነው።

ግን እባክሽ «ማስት»ን ጠልተሽ እንዳትጥዪው። ጥቅሙ ለሰሚው ሲሆን ደስ የሚል ቃል ነው፣ «ዩ ማስት ካም ኤንድ ቪዚት አስ» ሲሉሽ ሞቅ ያለ ግብዣ ነው፣ ማንም ትእዛዝ አይለውም። ደግሞም ግምት ላይ አለ፣ «ዩ ማስት ቢ ታየርድ» ማለት ደክሞህ መሆን አለበት ነው፣ አየሽ አማርኛውም እዚህ ጋ «አለበት»ን ነው የሚጠቀመው። ያን ቀን ለታመመው ልጅ «ዩ ማስት ቢ ታየርድ፣ ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ካም» ብለሽው ቢሆን ኖሮ በልብሽ የነበረው ሁሉ ይደርሰው ነበር። ግዴታው ያለፈ ጊዜ ከሆነ ደግሞ «ሃድ ቱ» ነው የምትዪው፣ «ማስት ሃቭ» ካልሽ ወደ ግምት ይሄድብሻል፣ «ሂ ማስት ሃቭ ሌፍት» ማለት ሄዶ መሆን አለበት እንጂ መሄድ ነበረበት አይደለም።

«ሹድ» ላይ ቲም ሊደርሽ ልክ ናት። ዶክመንት ላይ ከ«ማስት» ስለሚያንስ ለስላሳ ይመስላል፣ ሰው ለሰው ሲሆን ግን «ዩ ሹድ ሪድ ዘ ዶክመንት» ሳትጠየቂ ከላይ ሆነሽ የሰጠሽው ምክር ነው የሚመስለው፣ አላነበብክም እንዴ የሚል ወቀሳም ይሸተዋል። «ዩ ሹድ ሃቭ» ሲሆን ደግሞ ወቀሳው ግልጽ ነው፣ «ዩ ሹድ ሃቭ ቶልድ ሚ» ማለት ለምን አልነገርከኝም ነው። «ኢት ማይት ሄልፕ ቱ ሪድ ዘ ዶክመንት ፈርስት» ብትዪ ያው ሐሳብ ነው፣ ሰውየው ግን አልተነካም። ደግሞ ከነሱ ስትሰሚም ልብ በይ፣ አለቃሽ «ዩ ማይት ዋንት ቱ ቼክ ዚስ» ብትልሽ ከፈለግሽ እዪው ማለቷ ላይሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ እባክሽ እዪው ማለት ነው። በተቃራኒው «ዩድ ቤተር» ሲባል ቃሉ ውስጥ «ቤተር» ስላለ የዋህ ምክር እንዳይመስልሽ፣ አለበለዚያ ጉድ ይፈላል የሚል ማስጠንቀቂያ አለበት፣ ለባልደረባ አትጻፊው።

«ካን» እና «ካንት» አይለይልኝም ያልሽው የጆሮሽ ችግር አይደለም፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችም እርስ በርስ «ካን ኦር ካንት?» ተባብለው ይጠያየቃሉ። አንቺ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» እየጠበቅሽ ይመስለኛል፣ እሷ ደግሞ በተለይ በአሜሪካኖቹ አፍ ትዋጣለች። ድምጹን ስሚው። ሰው «አይ ካን ሄልፕ» ሲል «ካን» ላይ አይቆምም፣ ክን ብሎ ያልፈውና ጉልበቱን «ሄልፕ» ላይ ያደርገዋል፣ አይክን ሄልፕ ነው የሚመስለው። «ካንት» ሲል ግን ቃሉን ሙሉ አድርጎ፣ አንዴ ጫን ብሎት ነው የሚያልፈው። እኛ ደግሞ «ካን»ን ጠንከር አድርገን ስለምንለው እችላለሁ ስንል አልችልም ያልን ይመስላቸዋል፣ እና አንቺም ስትናገሪ አሳጥሪው። ካልተለየልሽ ደግሞ በድፍረት ጠይቂ፣ «ሶሪ፣ ካን ኦር ካንት?» ብለሽ፣ ማንም አይገርመውም።

ሰንጠረዡን ተይው። ትርጉሞቹ ውሸት ሆነው አይደለም፣ ማን ለማን በምን ሰዓት እንዳለው ስለማይነግርሽ ነው። በምትኩ የላክሻቸውን ሜሴጆች ወደኋላ ሄደሽ ሰው የጠየቅሽባቸውንና የመከርሽባቸውን ብቻ ለቅመሽ አውጪ፣ እነሱን ነው እንደገና መጻፍ ያለብሽ፣ ሌላው ደህና ነው። ከዛ ባልደረቦችሽ ሲጠይቁሽ፣ እምቢ ሲሉሽ፣ ስራሽ ላይ አስተያየት ሲሰጡ ያሉትን እንዳለ ማስታወሻ ላይ ገልብጪ፣ አጠገቡ ለማን እንደተባለ ጻፊበት፣ ለአለቃ ነው ለጓደኛ፣ ቀላል ጉዳይ ነው ወይስ ከባድ። ትንሽ ስትሰበስቢ አንዱ ሰው ራሱ ለአንዱ «ካን ዩ» ለሌላው «ኩድ ዩ» እንደሚል ታያለሽ፣ መቼ እንደሚቀያይርም ይገባሻል። ቲም ሊደርሽንም ተጠቀሚባት፣ ለብቻሽ ጠርታ በጥንቃቄ የነገረችሽ ሰው እንድታድጊ የምትፈልግ ሰው ናት፣ ጠንከር ያለ ሜሴጅ ስታዪ ንገሪኝ በያት። እንግሊዝኛሽን በኮምፒውተር ፕሮግራም ማስተካከሉን ለከባድ ኢሜይል ብቻ አድርጊው፣ ለአንድ መስመር ቻት እሱን ከተደገፍሽ ሚቲንግ ላይ ባዶ እጅሽን ነው የምትቀሪው።

ስራ ልቀይር ወይ ላልሽው፣ አሁን አትወስኚ። ይሄ ነገር ባይፈጠር ኖሮ ስራውን ትወጂው ነበር? ሰዎቹስ? የምትወጂው ከሆነ፣ ድሮ ሳንቀላለድ አንጀምርም ነበር ስትዪ እንደምትወጂው ነው የተሰማኝ፣ ታዲያ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር በማስተካከል ለሚድን ነገር ስራ አይለቀቅም። ከበፊቱም የሚከብድሽ ነገር ኖሮ እሱን ይሄ ሜሴጅ ቆስቁሶት ከሆነ ግን ሌላ ጨዋታ ነው፣ ያን ጊዜ ሰፋ አድርገሽ ጻፊልኝ።

ለሚቀጥለው ሚቲንግ አንድ ነገር ብቻ አዘጋጂ፣ «ኩድ አይ አድ ሳምቲንግ?» የምትለዋን፣ ቀጥሎም የምትዪውን አንድ ሐሳብ። ቤትሽ ሆነሽ ድምጽሽን አውጥተሽ በያት። ለልጁ የምትጽፊውን ግን ከሚቲንጉ በፊት ላኪው፣ ስራ በተጣደፈበት ሰዓት ሳይሆን ቀኑ ሲጀመር፣ ያኔ አንብቦት ለመመለስም ጊዜ ይኖረዋል። የመለሰልሽን ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።